ቆጣሪው ለምን ተሳሳተ? የዊኪ አርትዖት ዝግጅት ሶፍትዌሮችን ስለማሻሻል ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ኤዲታቶን ናቸው፤ ሰዎች ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ሳምንታት ተሰባስበው ውክፔዲያንና እህት ፕሮጀክቶቹን ስለሚጽፉበትና ስለሚያርሙበት ዝግጅት። በመልሶቻችን ደጋግመን የምንጠራቸው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዊኪ ኤዱኬሽን የተባለ ድርጅት የሚንከባከበው፣ የተሳታፊዎችን አርትዖት የሚቆጥረው «ፕሮግራምስ ኤንድ ኢቨንትስ ዳሽቦርድ» ሲሆን ከዚህ በታች በአጭሩ ዳሽቦርድ እንለዋለን። ሁለተኛው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የሚያበለጽገው፣ ተሳታፊዎችን የሚመዘግበው «ካምፔይን ኢቨንትስ» ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ድረ ገጽ ሳይሆን ውክፔዲያ በሚሠራበት በሚዲያዊኪ ላይ የሚጫን ተቀጥላ ነው።

ጥያቄ፦ ሠላሳ ሰው ጋበዝን። ስድስት ሰዎች አካውንት ከከፈቱ በኋላ ሰባተኛውን እምቢ አለው። ዋይፋዩን አጥፍተን ብናበራም ያው ነው። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። በዊኪሚዲያ ድረ ገጾች ከአንድ የአይፒ አድራሻ (አንድ የኢንተርኔት መስመር ከሚታወቅበት ቁጥር) በ24 ሰዓት ውስጥ መክፈት የሚቻለው 6 አካውንት ብቻ ነው። ገደቡ የተበጀው አካውንት በገፍ ለሚፈለፍሉ ሮቦቶች ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ 30 ስልኮችም ለሰርቨሩ የሚታዩት እንደ አንድ አድራሻ ነው። ወደ ሞባይል ዳታ መሸሽም ሁልጊዜ አያዋጣም። የስልክ ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የወል አይፒ ጀርባ ስለሚያሰልፉ፣ የማታውቁት ሰው ኮታችሁን ቀድሞ ጨርሶት ሊሆን ይችላል።

መውጫው ሦስት ነው። ቀላሉ፣ ተሳታፊዎች ከዝግጅቱ ቀናት በፊት በየቤታቸው አካውንት እንዲከፍቱ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በፋብሪኬተር፣ ማለትም በዊኪሚዲያ የሥራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ፣ ገደቡ ለጊዜው እንዲነሳ ማመልከት ነው። ማመልከቻው የአዳራሹን የአይፒ አድራሻ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከነሰዓት ክልሉ፣ የሚጠበቀውን የአካውንት ብዛትና የዊኪዎቹን ስም መያዝ አለበት። ብዙ ማመልከቻ የሚጓተተው አይፒው ላይ ነው፦ ኮምፒውተሩ በራሱ ቅንብር ውስጥ የሚያሳየው፣ በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምረው ቁጥር የቤት ውስጥ አድራሻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። ውጭ የሚታየውን አድራሻ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱንም ዝግጅቱ ከሚካሄድበት ኔትወርክ ላይ ሆኖ ነው የሚያዩት። ሦስተኛው መንገድ፣ ገደቡ የማይመለከተው ፈቃድ ያለው አዘጋጅ አካውንቶቹን እንዲከፍት ማድረግ ነው። ዳሽቦርድ ለዚህ የአካውንት መጠየቂያ ቅንብር አለው፦ ተሳታፊው የሚፈልገውን ስምና ኢሜይሉን ያስገባል፣ ባለፈቃዱ አዘጋጅ ይከፍትለታል።

ሶፍትዌሩ ሊሻሻል የሚችለው እዚህ ላይ ነው። የምዝገባ ቅጹ «አካውንት አለዎት?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምር፣ የአዘጋጁ ገጽ ከአሥር ቀን በፊት «14 ሰዎች አካውንት የላቸውም፤ ገደቡ 6 ነው፤ አሁኑኑ ያመልክቱ» ብሎ ማስጠንቀቅ ይችላል። ይህች ጥቂት መስመር ኮድ ከስንት ባለቀለም ግራፍ ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ አንዲት ተሳታፊ 22 ጊዜ አርትዖት እንዳደረገች የውክፔዲያ ታሪክ ገጿ ያሳያል። ዳሽቦርዱ ግን 9 ብቻ ይላል። ይህን እክል ለፕሮግራመሮቹ እንዴት ላስረዳ?

«ቆጣሪው ይሳሳታል» ብሎ ከመጻፍ በፊት ከጠፉት 13 አርትዖቶች አንዷን መርጠው መንገዷን ይከተሉ። ስንፍና የሚመስል ግን ጊዜ የሚቆጥብ ዘዴ ነው። አርትዖት የሚጠፋባቸው በሮች የታወቁ ስለሆኑ፣ ከተሞክሯችን ጋር በሚስማማ ቅደም ተከተል እነሆ።

መጀመሪያ ሰዓት። ዊኪው ሰዓትን የሚመዘግበው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደኋላ በሆነ ቦታ የዝግጅቱ መጨረሻ ቀን ማታ 2 ሰዓት (20፡00) ላይ የተደረገ አርትዖት፣ በሰርቨሩ መዝገብ የማግሥቱ 01፡00 ነው። ዝግጅቱ «በዚህ ቀን ያበቃል» ተብሎ ከተሞላ ያ አርትዖት ከአጥር ውጭ ቀረ ማለት ነው። ለአዘጋጅ መፍትሔው መዝጊያውን አንድ ቀን ማስረዘም ነው፤ ለፕሮግራመር ደግሞ በዩቲሲ አስቀምጦ በተመልካቹ ሰዓት ማሳየትና የሰዓት ክልሉን ስም ከጎኑ መጻፍ።

ቀጥሎ የገጹ ዓይነት። በሚዲያዊኪ ገጾች ኔምስፔስ በሚባሉ ክፍሎች ይመደባሉ፦ ዋናው መጣጥፍ አንድ፣ የተጠቃሚ ገጽ ሌላ፣ ውይይት ሌላ። ጀማሪዎች በመለማመጃ ገጻቸው ጽፈው ወደ መጣጥፍ ያዛውራሉ። ገጹ ሲዛወር የገጹ መለያ ቁጥር አይለወጥም፤ ኔምስፔሱ ግን ይለወጣል። አንድ ሶፍትዌር ኔምስፔሱን መጀመሪያ ባነበበ ጊዜ መዝግቦ ዳግም ካላየው፣ የተዛወረው መጣጥፍ ዕድሜ ልኩን «መለማመጃ» ሆኖ ይቀራል። ጽሑፉ ሳይዛወር ተቀድቶ ከተለጠፈ ደግሞ በመለማመጃው ላይ የተደረጉት 12 አርትዖቶች እዚያው ቀርተው በመጣጥፉ የሚታየው አንድ ትልቅ አርትዖት ነው። በዚህኛው ቆጣሪው ትክክል ነው፤ የሚታረመው ሥልጠናው ነው።

ሦስተኛው ስም። የተጠቃሚ ስም ከመጀመሪያው ፊደል በቀር በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ከስልክ መልእክት የተቀዳ ስም ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ ወይም ለዓይን የማይታይ የአቅጣጫ ምልክት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጥሩ ሶፍትዌር እነዚህን አጥቦ ይቀበላል፣ ከዚያም ስሙን ሳይሆን በሁሉም ዊኪዎች የጋራ የሆነውን የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም ሰው ስሙን ማስቀየር ይችላል። ሎጊን ሳያደርጉ የጻፉ ሰዎችም ጊዜያዊ አካውንት ይሰጣቸዋል፤ ስሙ በሞገድ ምልክትና በፈረንጅ ዓመት ቁጥር የሚጀምር ሲሆን ከ90 ቀን በኋላ ያበቃል። ያ ሥራ በተመዘገበው ስም አይቆጠርም።

በአማርኛ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። ዳሽቦርድ ላይ በተመረጡ መጣጥፎች ብቻ የሚለካ የፕሮግራም ዓይነት አለ። አዘጋጁ «ፀሐይ» ብሎ ዘርዝሮ መጣጥፉ በዊኪው ላይ «ጸሐይ» ከሆነ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ገጾች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ደንብ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ዩኒኮድ ራሱ አያቀራርባቸውም። ለፕሮግራመሮች የምንመክረው፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለፍለጋ ብቻ አንድ አድርጎ ማነጻጸርና «ይህን ገጽ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ርእስ ግን ማንም እንዳይነካው፤ ርእሱ ከተነካ ከዊኪው ጋር ያለው ግንኙነት ይበጠሳል።

የመጨረሻው በር ኮድ ውስጥ ነው። የሚዲያዊኪ ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከዊኪው መረጃ የሚጠይቁበት በር) የተጠቃሚዎችን አርትዖት ሲጠየቅ ለተራ አካውንት በአንድ መልስ የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሲሆን ቀሪ ካለ «ቀጥል» የሚል ምልክት አብሮ ይልካል። ያን ምልክት ያላነበበ ፕሮግራም በትንሽ ዝግጅት ላይ ፍጹም ይመስላል፣ በትልቁ ላይ ያለድምፅ ይቆርጣል። የቁጥሩ ልክ 500 ወይም የ500 ብዜት ሆኖ ካዩት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። የተሰረዙ ገጾችም አርትዖታቸው ከዝርዝሩ ስለሚወጣ፣ ትናንት 40 የነበረ ቁጥር ዛሬ 36 ቢሆን አይደንግጡ። ዳሽቦርዱ ቁጥሩን የሚያድሰው በዙር መሆኑንም አይርሱ፤ የመጨረሻው እድሳት መቼ እንደነበር በዝግጅቱ ገጽ ላይ ይታያል።

ሪፖርቱን ሲጽፉ የዝግጅቱን አድራሻ፣ የአንዷን የጠፋች አርትዖት የልዩነት ገጽ ሊንክ፣ የሚጠበቀውንና የታየውን ቁጥር፣ ሪፖርቱ የተጻፈበትን ሰዓት በዩቲሲ ያስገቡ። ይህን የያዘ ሪፖርት ያነበበ ፕሮግራመር ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ሥራ መጀመር ይችላል። የስክሪን ፎቶ ብቻ ከላኩ ግን መጀመሪያ የሚደርስዎ መልስ «ሊንኩን ይላኩልን» ነው።

ጥያቄ፦ በውድድር «ብዙ ባይት የጨመረ ያሸንፋል» አልን። የአማርኛ ጸሐፊዎች ከእንግሊዝኛዎቹ እጥፍ ድርብ ነጥብ አገኙ። ጎበዞች ስለሆንን ነው?

ጉብዝናውን አንክድም፤ ቁጥሩን ያበዛው ግን የፊደሉ አመዘጋገብ ነው። ሚዲያዊኪ የገጽን መጠን የሚለካው በባይት ነው። ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚመዘገብበት በዩቲኤፍ 8 ስልት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «መጽሐፍ» 4 ፊደል ነው፤ 12 ባይት። አንድ መሣሪያ ከእንግሊዝኛ በተወሰደ ልምድ ባይቱን ለ5 አካፍሎ «የቃላት ብዛት» ቢል ያቺን አንዲት ቃል ከሁለት በላይ ያደርጋታል። ሁለት ነጥቡ ( ፡ ) ራሱ 3 ባይት ስለሆነ፣ በባዶ ቦታ ፈንታ እሱን የሚጠቀም ሰው በየቃሉ 2 ባይት ትርፍ ያገኛል።

ከዚህ የባሰው ሊንክ ነው። የአማርኛ ርእስ ያለው የድረ ገጽ አድራሻ ከአሳሽ ሲቀዳ እያንዳንዱ ፊደል የመቶኛ ምልክት በተቀላቀለበት የ9 ቁምፊ ኮድ ይተካል። ባለ4 ፊደል ርእስ 36 ባይት ሆነ ማለት ነው። አንድም ቃል ሳይጽፉ ሊንክ በመለጠፍ ብቻ ደረጃ መውጣት ይቻላል። ፕሮግራመሮችም በዚህ ይጎዳሉ፦ ለአድራሻ 255 ቁምፊ ብቻ የሚይዝ የዳታቤዝ ዓምድ፣ 30 ፊደል ባለው የአማርኛ ርእስ (270 ቁምፊ) ይሞላል። የሚዲያዊኪ የርእስ ጣሪያም 255 ባይት ስለሆነ በግዕዝ ፊደል ከ85 ቁምፊ አያልፍም፤ የርእስ መጻፊያ ሳጥን የሚሠራ ሰው በፊደል ሳይሆን በባይት መቁጠር አለበት።

ቃላትን በቀጥታ መቁጠር ይሻላል፣ ግን እሱም ወጥመድ አለው። በጃቫስክሪፕትም ሆነ በሩቢ የፕሮግራም ቋንቋዎች «የቃል ፊደል» ማለት የሆነው አጭር የሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) ምልክት የሚያውቀው የላቲንን 26 ፊደላት፣ አሃዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ሲሰጡት መልሱ ዜሮ ነው። በዩኒኮድ የፊደል ምድብ የሚለየውን አጻጻፍ መጠቀም፣ በጃቫስክሪፕት ደግሞ የዩኒኮድ ባንዲራውን መጨመር ያስፈልጋል። መለያዎቹም ባዶ ቦታ ብቻ ሳይሆኑ ፡ ። ፣ ፤ ጭምር ናቸው። አብነቶችን፣ ሊንኮችንና የማጣቀሻ ኮድን አስቀድሞ ማውጣት አይዘንጋ።

ሌላም ማጭበርበሪያ አለ፣ ሳይታሰብ የሚደረግም ይሁን። አንድ ሰው ሌላው ከገጽ ላይ ያጠፋውን ይዘት ወደ ቀድሞው ቢመልስ 20,000 ባይት «ጨመረ» ይባላል። ሚዲያዊኪ እንዲህ ያሉ መመለሶችን በራሱ መለያ ምልክት ስለሚያደርግባቸው፣ ቆጣሪው ምልክቱን አይቶ መዝለል ይችላል። እኛን ካማከሩን ግን በባይት አትሸልሙ፤ አዲስ ማጣቀሻ የታከለባቸውን መጣጥፎች በዳኛ ዓይን አይታችሁ ሸልሙ።

ጥያቄ፦ ኮድ አልችልም፣ አማርኛ ግን እችላለሁ። በምን ልርዳ?

በትራንስሌትዊኪ፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞች የሶፍትዌር መልእክቶችን በሚተረጉሙበት ድረ ገጽ። የዳሽቦርድም የካምፔይን ኢቨንትስም መልእክቶች የሚተረጎሙት እዚያ ነው። አዲስ ተርጓሚ አካውንት ከፍቶ ጥቂት የሙከራ ትርጉሞችን ይሠራል፣ ከጸደቀለት በኋላ ሙሉ ፈቃድ ያገኛል። ከእያንዳንዱ መልእክት ጎን ማብራሪያ አለ፤ ሳያነቡት አይተርጉሙ፤ አንድ አጭር ቃል ስምም ግሥም ሊሆን ስለሚችል መለየት የሚቻለው ከማብራሪያው ነው።

እንደ $1 ያሉ ምልክቶች ሶፍትዌሩ ስም ወይም ቁጥር የሚተካባቸው ቦታዎች ናቸው። ቦታቸውን መለዋወጥ ይቻላል፣ መጣል ግን አይቻልም። በዳሽቦርድ ምልክቱ በጥምዝ ቅንፍ የተዘጋ የላቲን ቃል ስለሆነ «እንተርጉመው» የሚል ፈተና ይመጣል፤ ከተተረጎመ ገጹ ላይ ጥሬው ኮድ ይታያል። «$2ን» ብሎ ቅጥያ ከማንጠልጠል «$2 የተባለውን ገጽ» ማለት ንጹሕ ነው።

የነጠላና የብዙ አጻጻፍ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። ሚዲያዊኪ በሚከተለው ዓለም አቀፍ ደንብ በአማርኛ ዜሮ የሚመደበው ከአንድ ጋር ነው። ስለዚህ በነጠላው ቦታ «አንድ መጣጥፍ» ብለው በፊደል ከጻፉ ምንም መጣጥፍ በሌለበት ገጽ ላይም «አንድ መጣጥፍ» ይላል። በሁለቱም ቅርጾች ቁጥሩን ያስቀሩ፦ «$1 መጣጥፍ» ለሁሉም ያገለግላል። ጾታን በተመለከተ፣ «ጽፏል» እና «ጽፋለች» እያሉ ከመምረጥ በ«ጽፈዋል» ማክበር ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ዓረፍተ ነገሩ በቁርጥራጭ ተከፋፍሎ ከመጣልዎ፣ ለምሳሌ ግሡ አንድ መልእክት፣ ገጹ ሌላ፣ ቀኑ ሌላ ከሆነ፣ ትርጉሙን ለማስተካከል አይታገሉ። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ስለሚመጣ ቁርጥራጩ በምንም አይገጥምም። እክሉን ለፕሮግራመሮቹ ሪፖርት ያድርጉ፤ የሚታረመው ኮዱ ነው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የዳሽቦርድን ኮድ አውርጄ ግራ ገባኝ። ከየት ልጀምር?

ዳሽቦርድ ከኋላ በሩቢ ኦን ሬይልስ፣ ከፊት በሪአክት የተጻፈ ነው። መረጃው በማሪያዲቢ ወይም በማይኤስኪውኤል ይቀመጣል፣ የጀርባ ሥራው ደግሞ በሳይድኪክና በሬዲስ ይካሄዳል። ኮዱ ጊትሀብ ላይ በኤምአይቲ ፈቃድ ይገኛል። በራስዎ ኮምፒውተር ሲያስነሱት መጀመሪያ የሚያደናቅፈው በዊኪ አካውንት መግባት ነው፤ ለዚህ በሜታዊኪ ላይ የኦኦውዝ (ሌላ ሶፍትዌር በዊኪ አካውንት እንዲያስገባ ፈቃድ የሚሰጥ ሥርዓት) ማመልከቻ ይመዘገባል። ማመልከቻው ገና ሳይጸድቅ የተመዘገበበት አካውንት ብቻ ሊገባበት ስለሚችል፣ በሌላ አካውንት ሞክረው እምቢ ቢልዎ ኮዱን አይውቀሱ። ሙከራዎን ሁሉ በሙከራ ውክፔዲያ ላይ ያድርጉ፤ በእውነተኛ መጣጥፍ ላይ አይሞክሩ።

ከዚያ ለጀማሪ የተመረጡ ተብለው ምልክት የተደረገባቸውን ችግሮች ይዩ። ለፍጥነት ጉዳይ ፍላጎት ካለዎት ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው በሉፕ ውስጥ የተደበቀ የዳታቤዝ ጥያቄ ነው፦ የ300 ተሳታፊዎችን ዝርዝር በአንድ ጥያቄ አምጥቶ ለእያንዳንዱ ሌላ ጥያቄ የሚልክ ገጽ 301 ጊዜ ዳታቤዙን ያንኳኳል። ሬይልስ ተዛማጅ ረድፎችን አስቀድሞ የሚጭንበት መንገድ ስላለው 301ዱ ወደ 2 ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛው ወደ ዊኪው የሚላከው ጥያቄ ነው። ኤፒአዩ በአንድ ጥያቄ እስከ 50 የተጠቃሚ ስም ይቀበላል። 120 ሰዎች እያንዳንዳቸው 15 አርትዖት ቢያደርጉ፣ አንድ በአንድ ሲጠየቅ 120 ጥያቄ ነው፤ በ50 በ50 ሲጠየቅ ግን 5 ብቻ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች 750 አርትዖት ስላላቸው ሁለት ሁለት፣ የቀሩት 20 ሰዎች አንድ። ለፕሮግራምዎ ራሱን የሚያስተዋውቅ የወኪል ስም መስጠትን አይርሱ፤ ማንነቱን የማይገልጽ ፕሮግራም በዊኪሚዲያ ሰርቨሮች ሊታገድ ይችላል።

ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም የኮድ ለውጥዎ እንዲቀበሉት የሚቀርብ ጥያቄ፣ ሲልኩ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። ከእርማቱ በፊት የሚወድቅ፣ ከእርማቱ በኋላ የሚያልፍ ቴስት ይጻፉ። ፕሮጀክቱ የዊኪውን መልስ አንዴ ቀድቶ ቴስቱ በተሠራ ቁጥር ከቅጂው የሚያነብበት ቪሲአር የሚባል መሣሪያ ይጠቀማል፤ ቅጂው ካረጀ ቴስቱ የትናንቱን ዊኪ እየፈተነ እንደሆነ ያስቡ። ፍጥነት አሻሻልኩ ካሉም በፊትና በኋላ የወሰደውን ጊዜና የጥያቄውን ብዛት ይጻፉ። ኮዱን የነኩት «ለማሳመር» ብቻ ከሆነ ግን ባይልኩት ይሻላል፤ የሚገመግመው ሰው ጊዜ ውስን ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህን ከመጠገን የራሳችንን አዲስ ሶፍትዌር ብንሠራስ?

ለአንድ ዝግጅት ከሆነ፣ አይሥሩ። ምዝገባ ብቻ ከፈለጉ ካምፔይን ኢቨንትስ በዊኪው ውስጥ ያደርገዋል፤ ቁጥር ከፈለጉ ዳሽቦርድ አለ። አዲስ ሶፍትዌር መጻፍ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የዊኪው ሥርዓት ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ነው፦ በ2021 የዊኪሚዲያ የዳታቤዝ ቅጂዎች በየሰርቨሩ ሲከፋፈሉ፣ የሁለት ዊኪዎችን ሠንጠረዥ በአንድ ጥያቄ የሚያገናኙ መሣሪያዎች ሁሉ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ያን ጊዜ ጥገናውን የሚሠራ ሰው ከሌላችሁ ሶፍትዌሩ ባለበት ይቆማል።

ጥያቄ፦ በምዝገባ ቅጹ ላይ የስልክ ቁጥርና የመኖሪያ አድራሻ እንጠይቅ?

ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ አትጠይቁ። ቅጹን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ መስክ የሚሰረዝበትን ቀን አብራችሁ ወስኑ፣ ስረዛውንም ሶፍትዌሩ በቀኑ በራሱ እንዲያደርገው አዝዙት፤ በእጅ ይሰረዛል የተባለ መረጃ አይሰረዝም። በካምፔይን ኢቨንትስ ተሳታፊው ስሙ ለአዘጋጆች ብቻ እንዲታይ አድርጎ መመዝገብ ይችላል። ይህን ምርጫ ከመጀመሪያው ገለጻችሁ ላይ ንገሩ፤ ስማቸው በይፋ ዝርዝር ላይ እንዳይወጣ ብለው ሳይመዘገቡ የሚቀሩ ሰዎች አሉና።